ከደሴ ወደ ደሴት፦ የራስን ኮርስ ብስክሌት ይዞ ዛንዚባር ለመሄድ ዝርዝር መመሪያ

የሌላ ሰው ብስክሌት ላይ ሲቀመጡ ወዲያው ይታወቃል። ኮርቻው ከፍ ይላል፣ መሪው ይርቃል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉልበት ይቆረጥማል። የታንዛኒያዋ ዛንዚባር ላይ የሚከራዩት ደግሞ አብዛኞቹ ወፍራም ጎማ ያላቸው ከባባድ ብስክሌቶች ናቸው። ለባሕር ዳርቻ ሽርሽር ጥሩ ናቸው። 80 ኪሎ ሜትር ለመንዳት ግን አይሆኑም።

እኔ ደሴ ነው የምኖረው። የራሴን ኮርስ ይዤ ዛንዚባር ሄጄ፣ ነድቼ ተመልሻለሁ። የጉዞው ትልቁ ሥራ የሚያልቀው እዚህ፣ ቤታችን ግቢ ውስጥ እንደሆነ የገባኝ እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው። ከወሎ ለምትነሱ እንዲጠቅም የማውቀውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ፦ መውሰድ ያዋጣችኋል ወይ?

አራት ቀን ለመዋኘትና ለማረፍ ከሆነ የምትሄዱት፣ ብስክሌቱን ተዉት። ያን ሁሉ ካርቶን መጎተት አያዋጣም። ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆያችሁ፣ ቢያንስ አራት ጧት ለመንዳትም ካሰባችሁ፣ ይዛችሁ ሂዱ። መሀል ላይ ያለ ምርጫም አለ። የራሳችሁን ኮርቻ፣ ፔዳልና ጫማ ብቻ በሻንጣ ይዛችሁ እዚያ መከራየት ትችላላችሁ።

መንገዱን አስቀድማችሁ እወቁት። ዋናው ደሴት ኡንጉጃ ከጫፍ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍተኛው ቦታ ከባሕር በላይ 120 ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በአንድ ትንፋሽ ከ600 ሜትር በላይ ለምንወርድ ሰዎች ይህ ሜዳ ነው። ሜዳ ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። እኛ አገር ዳገቱን ወጥተን ቁልቁለቱ ላይ እግራችንን እናሳርፋለን። እዚያ ማረፊያ የለም፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፔዳል መምታት ነው። ዳገት የናፈቀው በጀልባ ወደ ሁለተኛዋ ደሴት ወደ ፔምባ ይሻገር። ፔምባ ኮረብታማ ናት። የቅርንፉድ አገርም ናት፤ ቅርንፉዱ መንገድ ዳር ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ ከደረሳችሁ ሽታው የእናታችሁን ጓዳ ያስታውሳችኋል።

ከሁለት ወር በፊት፦ ወቅት፣ ወረቀትና ሙቀት

ወቅቱ ለእኛ የተመቸ ነው። ዛንዚባር ከባዱ ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ኅዳር አካባቢ ደግሞ አጭር ዝናብ አለ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ግን ደረቅ ነው፤ ከዓመቱም ቀዝቀዝ የሚለው ያኔ ነው። ማለትም ደሴ ላይ ጭጋግና ዝናብ ብስክሌታችንን ግድግዳ ላይ በሰቀሉበት በሐምሌና በነሐሴ እዚያ መንገዱ ደረቅ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲትም ይነዳል፣ ግን ሙቀቱ ይበረታል።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ቢጫ ካርዱን ይጠየቃል። ክትባቱን ቢያንስ ከጉዞው አሥር ቀን በፊት ውሰዱ። ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ ጎብኚዎች የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ አድርጋለች። ሲጀመር ዋጋው 44 ዶላር ነበር። በኢንተርኔት ቀድማችሁ ክፈሉትና ወረቀቱን አትሙት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ጉምሩክን ነው። የብስክሌቱን የግዢ ደረሰኝ ያዙ። ቴላዮው (ሁሉ ነገር የሚገጠምበት የብስክሌቱ አጽም) ሥር የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ከአገር ስትወጡ ለጉምሩክ ሠራተኛ አሳይታችሁ እንዲመዘገብላችሁ ጠይቁ። ስትመለሱ “ይህ ከውጭ የተገዛ አዲስ ዕቃ ነው ወይ?” ለሚል ጥያቄ መልሳችሁ እጃችሁ ላይ ይሆናል።

ሙቀቱን አትናቁት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ባሕር ዳርቻው ላይ ኦክስጅኑ በሽ ነው፣ ሳንባችሁ ደስ ይለዋል። ችግሩ ወበቁ ነው። ላቡ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም፣ ካልደረቀ ደግሞ አያቀዘቅዝም። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። እኛ ግን ሙቀቱ ደጃችን ነው ያለው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቃችሁ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ውረዱ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰኞ ከሆነ ገበያው ስለሚቆም በግመልና በሰው መሀል ቀስ እያሉ ማለፍን ትለማመዳላችሁ፤ እሱም ዛንዚባር ላይ ይጠቅማል። ከከሚሴ ጀምሮ ወደ ሐርቡ የሚወስደው መንገድም ለዚህ ይሆናል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አራት አምስት ጊዜ ፀሐዩ ከረር ሲል ንዱ።

ካርቶኑ

የብስክሌት ጠንካራ ሻንጣ ውድ ነው፣ ባዶውን ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝንም አለ። ብዙ አየር መንገዶች አንዱን ዕቃ በ23 ኪሎ ነው የሚገድቡት። ካርቶን ግን አራት አምስት ኪሎ ቢመዝን ነው። ብስክሌታችሁ ዘጠኝ ኪሎ ከሆነ ለጫማ፣ ለሄልሜትና ለመፍቻ የሚተርፍ ቦታ ይኖራችኋል።

አዲስ ብስክሌት የሚሸጡ ሱቆች ካርቶኑን ይጥሉታል። ቀደም ብላችሁ “አንድ አስቀሩልኝ” በሉ። የልጆች ብስክሌት ካርቶን አይበቃም። የትልቅ ሰው ይሁን፣ ጠርዙ ያልረጠበ ይሁን። በክረምት ከሆነ የምትሄዱት ካርቶኑን የጭነት መኪና ሸራ ለሚሰፋ ሰው ውሰዱትና በልኩ ከረጢት አሰፉለት፣ ሁለት ማንገቻም ይኑረው። እኔ ያሰፋሁት ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። ዝናቡን ከለከለ፣ ለመሸከምም ተመቸ።

መፍታትና ማሸግ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ግማሽ ቀን ስጡት። ምንጣፍ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉ።

1. ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ከጎን፣ ከፊት፣ የፍሬን ገመዱ የሚሄድበትን። የኮርቻው ዘንግ ቴላዮው ውስጥ የሚገባበት ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ቁመታችሁን ከሚያውቅ ብስክሌት አንድ ሴንቲ ሜትር ቢጎድል ጉልበት ይናገራል።

2. ፔዳል ፍቱ። የቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ነው። የግራው ተቃራኒ ነው። ግራ እንዳይገባችሁ ይህን ያዙ፦ ቁልፉን ሽቅብ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና ጫፉን ወደ ኋላ ጎማ ግፉት። ሁለቱም በዚህ ይፈታሉ። ብዙ ጊዜ ካልተፈቱ ይደርቃሉ፤ ከጉዞው ሳምንት በፊት አላልታችሁ፣ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱ። በመጨረሻው ሌሊት ከፔዳል ጋር መታገል ጥሩ አይደለም።

3. የኋላውን ካምቢዮ ከቴላዮው ፍቱት። ይህ የእኔ ልመና ነው። ካምቢዮው የሚንጠለጠልባት ትንሽ ብረት ሆን ተብሎ ለስላሳ ሆና ነው የተሠራችው፤ ቴላዮው ከሚሰበር እሷ እንድትጎብጥ። ካርቶኑ በዚያ በኩል ከወደቀ የመጀመሪያዋ ተጎጂ እሷ ናት። ካምቢዮውን ፈትታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና በቴላዮው የኋላ ሦስት ማዕዘን ውስጥ እሰሩት። ሰንሰለቱ አይበጠስ፣ አብሮ ይታሰር። ትርፍ ማንጠልጠያም ከብስክሌታችሁ ሞዴል ጋር የሚገጥም አንድ ያዙ። አንዱ የሌላው አይሆንም። ደሴም፣ አዲስ አበባም ላይገኝ ይችላል፣ ደሴቱ ላይማ አትጠብቁት።

4. ጎማዎቹን አውጡ። የፊቱ ግዴታ ነው፣ የኋላው እንደ ካርቶኑ ስፋት። የፊት ሹካው ባዶውን ሲቀር በጎን ቢጫኑት ይሰነጠቃል። አናጢ ጋ ሄዳችሁ በልኩ እንጨት አስቆርጡና መሀሉ ላይ አስገቡ። የዲስክ ፍሬን ከሆነ በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መሀል ወፍራም ካርቶን ሰካ አድርጉ። አለዚያ በመንገድ ላይ የፍሬኑ እጀታ ከተነካ ሸራዎቹ ይጣበቃሉ።

5. መሪውን ከፊት ለፊት በሚይዙት አራት ብሎኖች ብቻ ፍቱትና ከቴላዮው ጎን እሰሩት። ከላይ ያለውን ብሎን አትንኩ። ስትመልሱ አራቱን እያፈራረቃችሁ ትንሽ በትንሽ አጥብቁ። ብዙዎቹ ላይ 5 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያው ኃይል ልክ) የሚል ጽሑፍ አለ። ካርቦን ከሆነ በግምት አይሠራም፣ መለኪያ ያለው ቁልፍ ተዋሱ።

6. ንፋሱን አስተንፍሱ። የዕቃ መጫኛው ክፍል ግፊቱ የተጠበቀ ስለሆነ ጎማ አይፈነዳም። ሠራተኞቹ ግን ስለሚጠይቁ ቀንሱት። ጨርሳችሁ ግን አታውጡት። ትንሽ ንፋስ ቸርኬውን ከምት ይጠብቀዋል።

የተፈቱትን ብሎኖች በአንዲት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አድርጉና ከቴላዮው ጋር እሰሩ። ካርቶኑ ሥር ከለቀቃችኋቸው በእጀታው ቀዳዳ ይወጣሉ። ብረት ብረትን በሚነካበት ሁሉ ስፖንጅ ወይም የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ አስገቡ። ሲያልቅ ካርቶኑን ይዛችሁ አወዛውዙት። የሚንኳኳ ነገር ካለ ክፈቱትና እንደገና።

ስለ ላስቲክ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ታንዛኒያ ፌስታል ከልክላለች፤ ይዞ መግባትም አይቻልም። እኛ ደግሞ ሁሉን ነገር በፌስታል መጠቅለል እንወዳለን። ካርቶናችሁ ውስጥ ጨርቅ እንጂ ፌስታል አይኑር።

ትርፍ ዕቃ፦ አራት ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ)፣ አንድ ትርፍ ጎማ፣ መጠገኛ፣ የእጅ መንፊያ፣ የሰንሰለት ማያያዣ፣ የአለን ቁልፍ ስብስብ፣ ትንሽ ዘይት፣ ትንሽ ግራሶ። ደሴቱ ላይ ብስክሌት የሚጠግን ሰው በየመንደሩ አለ፣ ፉንዲ ይሉታል፣ እጁም የተባረከ ነው። ዕቃው ግን ለባለ 26 እና ባለ 28 ኢንች ከባድ ብስክሌት ነው። የእኛን ቀጭን አፍ ያለው ካላማዳሪ እሱ ጋ አትፈልጉ። ያቺን የቫልቭ መለወጫ ቁራጭ ናስ አትርሱ፤ በእሷ የማንኛውንም ሰው መንፊያ መጠቀም ትችላላችሁ። መፍቻዎቹ ሁሉ ካርቶን ውስጥ ይግቡ፣ በእጅ ሻንጣ አይታለፍም። የመብራትና የኤሌክትሪክ ካምቢዮ ትርፍ ባትሪ ደግሞ በተቃራኒው በእጅ ሻንጣ ነው። የጋዝ መንፊያ ጥይት ተዉት፣ ፍተሻ ላይ ጣጣ ነው።

ጎማ ላይ አስተያየቴን ልስጥ። 23 ሚሊ ሜትር የለመዳችሁ ብስክሌቱ ከቻለ 28 አድርጉ። ዋናው አስፋልት ጥሩ ነው። ወደ መንደርና ወደ ባሕሩ የሚገቡት ግን የኮራል ድንጋይ ናቸው፣ ድንጋዩም እንደ ምላጭ ነው።

ሐይቅ ላይ ሞክሩት

ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ቤት ሠርታችሁ አትሂዱ። አንድ ቅዳሜ ብስክሌቱን አሽጋችሁ በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ውሰዱት። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ ዳር ላይ ማንም ሳያግዛችሁ ገጥሙትና ንዱ። እስጢፋኖስ ገዳምም ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። መቼስ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አይገኝም። የረሳችሁት ቁልፍ የትኛው እንደሆነ የምታውቁት እዚያ ነው። የእኔ ስምንት ሚሊ ሜትሯ ነበረች። ፔዳል የሚያጠብቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሳልነዳ ተመለስኩ።

ከወሎ እስከ ቦሌ

ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ከሆነ፣ ለአገር ውስጥ የሚበሩት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች የዕቃ ክፍላቸው ጠባብ መሆኑን አትርሱ። ቲኬት ስትቆርጡ የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተናገሩና ተቀባይነቱን በጽሑፍ ያዙ። በመኪና ከሆነ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ ጠይቁ። በረራው ከመነሳቱ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

አውቶቡስ ላይ ካርቶኑን ራሳችሁ ቆማችሁ አስጭኑ። እኔ “ረዳቱ ይጭነዋል” ብዬ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ካርቶኑ ጣራ ላይ ተጋድሞ፣ በላዩ ሁለት ጆንያ ጤፍ ተጭኖበት አዲስ አበባ ደረሰ። ያቺ ለስላሳ ብረት ጎብጣ ነበር። ካምቢዮውን ፈትቼ ባላስር ኖሮ እሱም አይተርፍም ነበር። ካርቶኑ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ በላዩ ምንም አይጫን። ለረዳቱ ጉርሻ እንደተሳፈራችሁ ስጡ።

ቦሌ ላይ ከመግቢያው ፍተሻ አለ፣ ሊከፈትም ይችላል። ስለዚህ አንድ ጥቅል ፕላስተርና መቀስ ከሚሸኛችሁ ሰው ጋር ይሁን። ስማችሁንና ስልካችሁን ካርቶኑ ላይም፣ ውስጥ ቴላዮው ላይም ጻፉ።

ስትደርሱ

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሳላችሁ ካርቶኑን ዙሩት። ቀዳዳ፣ የተጨፈለቀ ጠርዝ ካለ እዚያው ክፈቱ፣ ፎቶ አንሱ፣ ሻንጣ ክፍሉን አስመዝግቡ። በር ከወጣችሁ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው። ሚኒባስ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ትንሽ ታክሲ አይበቃም።

ማረፊያችሁ እንደደረሳችሁ ለእንግዳ ተቀባዩ “ይህ ካርቶን ቆሻሻ አይደለም፣ እፈልገዋለሁ” በሉ። በላዩም ጻፉበት። እኔ አልተናገርኩም፣ ኮሪደር ላይ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን አልነበረም። ጠርገው ጥለውታል። የመጨረሻ ቀኔን ዳራጃኒ ገበያ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ካርቶን ስለምን ዋልኩ። ሁለት የቴሌቪዥን ካርቶን አገናኝቼ፣ ሸራዬን አልብሼ ተመለስኩ።

ሰዓታችን አንድ ነው። ቆጠራውም አንድ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደኛ ንጋት ላይ ነው መቁጠር የሚጀምረው፤ የእኛ ጧት አንድ ሰዓት ለእነሱም አንድ ሰዓት ነው፣ “ሳ ሞጃ” ይላሉ። ከሹፌር ጋር ስትቀጣጠሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የስልክ ቻርጀር ግን አይገጥምም፤ የእነሱ ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው።

መንገዱ ላይ

በግራ ነው የሚነዳው። አእምሮ ቶሎ ይለምደዋል፣ የሚረሳው ከእረፍት በኋላ ነው። ውኃ ለመግዛት ቆማችሁ ስትነሱ፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ ሳታውቁት በቀኝ ትሆናላችሁ። መሪያችሁ ላይ “ግራ” ብላችሁ በፕላስተር ለጥፉ። አደባባይም የሚዞረው በተቃራኒ ነው። ዳላዳላ የሚሏቸው ሚኒባሶች የእኛዎቹ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ያለ ምልክት ይቆማሉ።

ጧት 12 ሰዓት ተነሱ፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ለመጀመሪያው ቀን ከስቶን ታውን (ከዛንዚባር አሮጌው ከተማ) ወደ ጆዛኒ ደን 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ሂዱ። ቀይ ኮሎበስ ጦጣዎቹ የሚገኙት እዚያ ነው። ሲመቻችሁ ወደ ፓጄ ቀጥሉ። በምሥራቁ ጠረፍ ነፋሱን አስተውሉ። በእኛ ክረምት ከደቡብ ምሥራቅ፣ በበጋው ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ስትሄዱ ተጋፈጡት፣ ስትመለሱ ይግፋችሁ። ውኃ ብቻ አትጠጡ፣ ጨው ያለበት ነገር ብሉ። መንገድ ዳር የሚሸጡት የኮኮናት ውኃ፣ ማዳፉ፣ ደርሶ ነፍስ ይዘራል።

ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም ነው። ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከተማ ውስጥና መንደር ስታልፉ ከጠባቡ የብስክሌት ቁምጣ ላይ ሰፋ ያለ ልብስ ደርቡ። ረመዳን ከሆነ ሰው ፊት ከመጠጣት ተቆጠቡ። ሰላምታ አስቀድሙ፣ “ሰላም አለይኩም” ያላችሁ እንደሆነ ልጆቹ ጭምር አብረዋችሁ ይሮጣሉ።

ጨው

ባሕሩ ዳር ማደር ብቻውን ብረት ያዝጋል። ነፋሱ ራሱ ጨው ይዞ ይመጣል። በሁለተኛው ጧት ሰንሰለቴን በጣቴ ስነካው ብርቱካናማ ዱቄት ያዘኝ። ከመተኛቴ በፊት የሚያብረቀርቅ ነበር።

ስለዚህ በየቀኑ ከነዳችሁ በኋላ እጠቡ። ግን ውኃውን መጀመሪያ ቅመሱት። በጠረፉ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ ጨዋማ ሊሆን ይችላል፤ እኔ በባልዲ ከተሰጠኝ ውኃ ጣቴን ነክሬ ስቀምሰው ጨው ጨው አለኝ። በዚያ ማጠብ መልሶ ጨው መቀባት ነው። ሁለት ሊትር ንጹሕ ውኃና አንድ ጨርቅ ይበቃል። በኃይል አትርጩ፣ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፣ ኩሽኔታው ውስጥ እንዳይገባ። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ሰንሰለቱን አድርቃችሁ ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ ትርፉን ጥረጉት። ዘይት ከበዛ አሸዋው ይጣበቅበትና እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። የብሎኖቹን ራስ በግራሶ ዳበስ አድርጉ።

አሸዋው ላይ አትንዱ። ማዕበሉ ሲሸሽ አሸዋው እንደ አስፋልት ጠንካራ ሆኖ ይታያል፣ እጅግም ያጓጓል። ለፎቶ እንኳ ከሆነ ተሸከሙት።

ቤት ስትመለሱ

ደሴ በገባችሁ በዚያው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ፍቱት። በተለይ የኮርቻውን ዘንግ። አሉሚኒየምና ሌላ ብረት ጨዋማ ውኃ መሀላቸው ከገባ እየተበላሉ ይጣበቃሉ፣ ከዚያ በኋላ በመዶሻም አይወጣም። ዘንጉን አውጡ፣ ቴላዮውን ገልብጡና በእጃችሁ መታ መታ አድርጉት። ከእኔው ውስጥ ግማሽ ማንኪያ የሚሆን ነጭ አሸዋ ወጥቷል። አጽዱ፣ ግራሶ ቀቡ፣ በፕላስተሩ ምልክት ልክ መልሱ። የፔዳሉንም፣ የመሪውንም ብሎን እንዲሁ። ካርቶኑንና አናጢው የቆረጠውን እንጨት አትጣሉ፤ ሸራው ውስጥ አጣጥፋችሁ ቆጥ ላይ አኑሩት፣ የሚቀጥለው ሰው መጥቶ ይዋሳችኋል።